ለጌምም ለኮድም የሚሆን ሜካኒካል ኪቦርድ እንዴት ይመረጣል?

«ቀዩን ልግዛ ወይስ ሰማያዊውን?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሜካኒካል ኪቦርድ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከስዊች (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ካለው መጫኛ) ቀለም ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የጠረጴዛውን ስፋት ነው። ቀልድ የሚመስለው አለ፤ ቀልድ አይደለም። ስዊች የሚነቀል ከሆነ ከተገዛም በኋላ ሊቀየር ይችላል። የኪቦርዱ መጠን፣ የቁልፎቹ አደራደርና ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ አይቀየርም። ስለዚህ የማይቀየረውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የሚቀየረውን ለመጨረሻ አቆዩት። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል ነው የተቀመጡት።

መመሪያው ቀን ኮድ ለሚጽፍ፣ ማታ ጌም ለሚጫወት፣ ለሁለቱም አንድ ኪቦርድ ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር ወይም ማስመሪያ
- ኦቲጂ ኬብል። ኪቦርዱን አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ለመሞከር ነው። ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ከተቻለ ይበልጣል።
- ስልኩ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ማንኛውም አፕ
- የሽቦ ኪካፕ ማውጫ (ኪካፕ የቁልፉ የላይ ክዳን ነው፤ ማውጫው ብዙ ጊዜ ከኪቦርዱ ጋር ካርቶን ውስጥ ይመጣል)
- ስዊች ማውጫ፣ ስዊቹ የሚነቀል ኪቦርድ ከሆነ
- ለስላሳ ብሩሽ
- በሥራችሁና በጌማችሁ ላይ አብዝታችሁ የምትጫኗቸው አቋራጮች ዝርዝር። አሥር ያህሉን ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ደረጃ 1 ላይ ያስፈልጓችኋል።

ደረጃ 1፦ ጠረጴዛውን ለኩና መጠኑን ወስኑ

ኪቦርዱና ማውሱ አንድ ላይ የሚያርፉበትን ስፋት ለኩ። ሙሉ መጠን ያለው ኪቦርድ 104 ያህል ቁልፍ አለው፤ ርዝመቱ ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ ሲቀነስ «ቲኬኤል» ይባላል፤ 87 ቁልፍ፣ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ። «75 ፐርሰንት» የሚባለው የኤፍ ረድፉንም (ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉትን) ቀስቶቹንም ይዞ 32 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይጨመቃል። «65 ፐርሰንት» ላይ የኤፍ ረድፉ ይቀራል፣ ቀስቶቹ ይተርፋሉ። «60 ፐርሰንት» ላይ ቀስቶቹም የሉም፤ ያሉት 61 ቁልፎች ብቻ ናቸው።

ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው ማውሱን በሰፊው ይጎትታል። ጠረጴዛችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሙሉው ኪቦርድ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይወስድባችኋል። ቀኝ እጃችሁም ሁልጊዜ ወደ ውጭ እንደተዘረጋ ስለሚውል ትከሻችሁን ይይዛችኋል።

ኮድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቪኤስ ኮድ ላይ ኤፍ2 ስም ይቀይራል፣ ኤፍ5 ዲበግ ያስጀምራል፣ ኤፍ12 ፈንክሽኑ ወደተጻፈበት ቦታ ይወስዳል። 60 ፐርሰንት ላይ እነዚህ ሁሉ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዞ ቁጥር መጫን ይሆናሉ። ባክቲክ (ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችው ምልክት) ደግሞ ከኢስኬፕ ጋር አንድ ቁልፍ ትጋራለች። ቪም የተባለውን የኮድ መጻፊያ የሚጠቀም ሰው ኢስኬፕን በየደቂቃው ይነካል፣ ጃቫስክሪፕት የሚጽፍ ደግሞ ባክቲክን። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው 60 ፐርሰንት ሲገዛ በየቀኑ ራሱን ይቀጣል።

አሁን የጻፋችሁትን የአቋራጭ ዝርዝር አውጡ። ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ኤፍ ቁልፍ፣ ሆም ወይም ኤንድ ከነኩ ከ75 ፐርሰንት አትውረዱ። የእኔ ምርጫ ለሁለቱም ሥራ 75 ፐርሰንት ወይም ቲኬኤል ነው። ኤክሴል ላይ ቁጥር የምታስገቡ ከሆነ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው በዩኤስቢ ይሸጣል፤ ሲያስፈልግ ትሰኩታላችሁ፣ ጌም ሲጀመር ከመንገድ ዞር ይላል።

ደረጃ 2፦ የኢንተሩንና የግራ ሺፍቱን ቅርጽ እዩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ኪቦርዱን ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ።

የአሜሪካው አደራደር ላይ ኢንተሩ ጠፍጣፋና ረዥም ነው፣ የግራ ሺፍቱም ረዥም ነው። የአውሮፓው ላይ ኢንተሩ ሁለት ረድፍ ይይዛል፤ የግራ ሺፍቱ ያጥርና ከዜድ ጋር በመካከላቸው አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ይገባል። በጌም የሚሮጠው በግራ ሺፍት ስለሆነ፣ ትንሿን ጣት ረዥም ሺፍት ላይ ያስለመደ ሰው ያቺን ተጨማሪ ቁልፍ ደጋግሞ ይነካታል።

አገር በአገር ሲታይ፦

ከጀርመን የሚመጣው ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ኮድ ላይ የምትኖሩባቸው ቅንፎች የሚወጡት በቀኝ ኦልት (ኦልት ጂአር) ከ7፣ 8፣ 9 እና 0 ጋር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ወደ አሜሪካ መቀየር ይቻላል፤ ቁልፉ ላይ የታተመው ግን እንዳለ ይቀራል፣ ቅርጹም አይለወጥም። ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ የሚመጣው ዐረብኛ፣ ከእስራኤል የሚመጣው ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛው ጎን ታትሞበት ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ፊደል ቦታው ስለማይቀየር መጻፍ ላይ ችግር የለውም፤ ኢንተሩንና ሺፍቱን ግን በፎቶ አረጋግጡ። ከአሜሪካ የሚመጣው ላይ ይህ ጣጣ እምብዛም የለም።

ለዘመዳችሁ «ሜካኒካል ኪቦርድ ላክልኝ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ከሱቁ ሆኖ የኪቦርዱን ሙሉ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ክብደቱንም እዩ፤ አሉሚኒየም ገላ ያላቸው ከ1.5 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ አሉ፣ የሻንጣ ኪሎ ደግሞ ታውቃላችሁ። ባትሪ ያለው ከሆነ አጥፍቶ በእጅ ሻንጣ ይያዘው።

ደረጃ 3፦ በሽቦ ወይስ ያለ ሽቦ?

ጌም ላይ ዋናው ቁጥር ኪቦርዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነው። 1000 ኸርዝ ማለት በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ 125 ኸርዝ ማለት በየ8 ሚሊሰከንዱ ነው። በዩኤስቢ ሽቦ የሚሠሩት የጌም ኪቦርዶች አብዛኞቹ 1000 ላይ ናቸው። ከትንሽ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ ከሚሰካ መቀበያ) ጋር በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ጥሩዎቹም እንዲሁ። ብሉቱዝ ከዚህ ይዘገያል፤ ለኮድ አይሰማችሁም፣ ለተኩስ ጌም ግን አይሆንም።

ካርቶኑ ላይ 8000 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትደንግጡ። ከ1 ሚሊሰከንድ ወደ 0.125 መውረድ ማለት ነው። የምትጫወቱበት ሰርቨር ባሕር ማዶ ሆኖ ፒንጋችሁ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ፣ ለዚያ ልዩነት ገንዘብ መጨመር ኪስን በከንቱ መጉዳት ነው።

ሽቦው የሚነቀል፣ በዩኤስቢ ሲ የሚገባ ቢሆን ይመረጣል። ኪቦርድ ላይ ቶሎ የሚበላሸው ኬብሉ ነው፤ በተለይ አንገቱ ላይ ይሰበራል። የሚነቀል ከሆነ የስልክ ኬብል ትቀይሩበታላችሁ። የማይነቀል ከሆነ ሠሪ ፍለጋ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጭናችሁ ሲበራ የምትመርጡ ከሆነ፣ ብሉቱዝ ብቻ ያለው ኪቦርድ አትግዙ። ብሉቱዙ የሚሠራው ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ምርጫው ላይም ሆነ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ቁልፉ አይሰማም። ዶንግል ወይም ሽቦ ይኑረው።

ደረጃ 4፦ ስዊቹ ይነቀላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ

«ሆት ስዋፕ» የሚባለው ይህ ነው። ስዊቹ ቦርዱ ላይ አልተበየደም፤ በእጅ ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። ከሁሉም በላይ ገንዘብ የምጨምርበት ነገር ይህ ነው። አንዲት ስዊች ስትበላሽ እሷን ብቻ ትቀይራላችሁ። ሰማያዊ ገዝታችሁ ቤተሰብ ከተማረረባችሁ ስዊቾቹን ብቻ ወደ ቀይ ትቀይራላችሁ። በተበየደ ኪቦርድ ላይ ግን አንድ ቁልፍ ሲበላሽ ሥራው የመበየጃ ነው፤ የሚችል ሰው ካልተገኘ ኪቦርዱ በሙሉ ይጣላል።

«ሆት ስዋፕ ነው» ሲሏችሁ ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ሦስት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ ባለ 3 እግር ስዊች ብቻ ነው የሚቀበለው ወይስ ባለ 5? ባለ 5ን የሚቀበል ቦርድ ባለ 3ንም ይቀበላል። ተቃራኒው ከሆነ ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። ብረቶቹን ግን እንዳትነኩ።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ አውተሙ የተባለው አምራች ስዊች ብቻ ነው የሚገባባቸው። የሌላ አምራች፣ ለምሳሌ የጌትሮን ወይም የካይል ስዊች ገዝታችሁ በኋላ እንቢ እንዳይላችሁ።

ሦስተኛ፣ «ኦፕቲካል» የሚባሉት በብርሃን፣ «ማግኔቲክ» የሚባሉት በማግኔት የሚሠሩ ናቸው። ቢነቀሉም ከተለመደው ሜካኒካል ስዊች ጋር አይለዋወጡም።

ደረጃ 5፦ አሁን ስዊቹን ምረጡ

የቀለሙ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ስዊች በአሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው።

ሊኒየር፦ ከላይ እስከ ታች ያለ ምንም መሰናክል ይወርዳል። ቼሪ የተባለው የስዊች አምራች ቀይ የዚህ ምሳሌ ነው፤ 45 ግራም ገደማ ግፊት ይበቃዋል፣ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ፊደሉ ይመዘገባል፣ 4 ሚሊ ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ለጌም የሚወደደው ደጋግሞ ቶሎ ቶሎ ለመጫን ስለሚያመች ነው።

ታክታይል፦ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ፊደሉ መመዝገቡ ጣታችሁ ላይ ስለሚሰማችሁ እስከ ታች መምታት አያስፈልግም። የቼሪ ቡናማ 55 ግራም አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ነው።

ክሊኪ፦ ጉብታም ድምፅም አለው። የቼሪ ሰማያዊ 60 ግራም ገደማ፣ 2.2 ሚሊ ሜትር ላይ ይመዘገባል። ድምፁ ያስደስታል፤ ግን የሚያስደስተው የሚጽፈውን ሰው ብቻ ነው። ከሌላ ሰው ጋር አንድ ክፍል የምትተኙ ከሆነ፣ ወይም ስብሰባ ላይ ማይክ ከፍታችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይቅርባችሁ። ጌም ላይም ሌላ ጣጣ አለው፦ ቁልፉ እንደገና ለመጫን ዝግጁ የሚሆነው ከተመዘገበበት ነጥብ በላይ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ አንዱን ቁልፍ በፍጥነት ደጋግሞ መምታት ያስቸግራል።

ለሁለቱም ሥራ ምን ልምረጥ ላላችሁ፦ ከጌሙ ኮዱ የሚበዛባችሁ ቡናማ ዓይነት፣ ጌሙ የሚበዛባችሁ ቀይ ዓይነት። ቼሪ «ስፒድ ሲልቨር» የሚለው 1.2 ሚሊ ሜትር ላይ ይመዘገባል። ለሩጫ ጥሩ ነው፤ ኮድ ላይ ግን ጣት ቁልፉ ላይ ባረፈ ቁጥር ያልታሰበ ፊደል ይወጣል።

አማርኛ የምትጽፉ አንድ ነገር አስቡ። በድምፅ በሚሠሩት መጻፊያዎች አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው። ጠ፣ ጨ እና ጰን የመሳሰሉት ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ሺፍት ይጨምራሉ። ተመሳሳይ ርዝመት ላለው ጽሑፍ ጣታችሁ ከምታስቡት በላይ ይሠራል። ስለዚህ ከ60 ግራም በላይ የሚከብድ ስዊች አልመክርም።

ቀለምን ብቻ አትመኑ። የቀለሙ አጠራር ከቼሪ የመጣ ቢሆንም ሁሉም አምራች አይከተለውም። ለምሳሌ ሬዘር ላይ ክሊኪው አረንጓዴ፣ ታክታይሉ ብርቱካናማ፣ ሊኒየሩ ቢጫ ነው። ሻጩን «ሊኒየር ነው ታክታይል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ማግኔቲክ ስዊቾች ደግሞ በጥቂቱ። የሚመዘገብበትን ጥልቀት በሶፍትዌር ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። «ራፒድ ትሪገር» የሚባለው አሠራር ደግሞ ጣታችሁ ትንሽ ከፍ እንዳለ ቁልፉን ይለቀዋል፤ የተኩስ ጌም ላይ በቅጽበት ለመቆም ይረዳል። በውድድር የምትጫወቱ ከሆነ ዋጋው ይገባዋል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ጥልቀቱን 0.1 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ኮድ ከጻፋችሁ ስህተት ይበዛባችኋል፤ ለጌምና ለሥራ ሁለት ፕሮፋይል አዘጋጁ። ሌላው፣ «ስናፕ ታፕ» እና መሰሎቹን ይመለከታል። የግራና የቀኝ መሄጃ አብረው ሲጫኑ ኪቦርዱ ራሱ አንዱን የሚመርጥበት አሠራር ነው። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ በነሐሴ 2016 (በአውሮፓውያን ኦገስት 2024) በካውንተር ስትራይክ 2 ኦፊሴላዊ ሰርቨሮች ላይ ከልክሎታል። አብርታችሁት ከገባችሁ ከጨዋታው ትወጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ ኪካፕና መብራት

ኪካፕ የሚሠራው ከኤቢኤስ ወይም ከፒቢቲ ፕላስቲክ ነው። ኤቢኤስ በጣት ወዝ ቶሎ ያብለጨልጫል፤ ፒቢቲ ሸካራነቱን ይዞ ይቆያል። የፊደሉም አስተታተም ወሳኝ ነው። አንዱን ኪካፕ ነቅላችሁ ገልብጡት። ውስጡ ላይ ሁለት ቀለም ያለው ፕላስቲክ ካያችሁ ፊደሉ ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ አይጠፋም። ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፉት ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስና ዲ ናቸው፤ ምክንያቱን ጌመር ያውቀዋል።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ፊደሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ሁሉም ፒቢቲ ብርሃን አያሳልፍም፤ አብርታችሁ እዩት። አርጂቢው (ባለ ብዙ ቀለም መብራቱ) ግን ከላፕቶፑ ባትሪ ነው የሚበላው። የዩኤስቢ 2.0 ወደብ እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ያ 2.5 ዋት ነው። መብራት ሲሄድ ዝቅ አድርጉት ወይም አጥፉት።

ደረጃ 7፦ ሳትከፍሉ ሞክሩ

ገንዘባችሁን ውኃ እንዳይበላው የሚያደርገው ይህ ደረጃ ነው። ኦቲጂውን ስልካችሁ ላይ ሰኩና ማስታወሻ መጻፊያውን ክፈቱ።

ሀ. በእርግጥ ሜካኒካል ነው? ገበያ ላይ «ሜካኒካል ፊል» ወይም «ሜካኒካል ስታይል» የሚል ጽሑፍ ያላቸው አሉ። ሜካኒካል አይደሉም፤ ከሥር ጎማ ነው ያላቸው፣ ላያቸው ብቻ ነው የሚመስለው። አንዱን ቁልፍ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑ። እውነተኛው ሜካኒካል ላይ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁልፉ መሃል ሲደርስ ነው። ጎማው ላይ ግን መሬት እስኪነካ ምንም አይወጣም። ከዚያ ኪካፑን ንቀሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ራሱን የቻለ ትንሽ ሳጥን፣ ብዙ ጊዜም የአምራቹ ስም ያለበት መታየት አለበት። የመስቀል ቅርጹን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ የጎማዎቹም መስቀል ያላቸው አሉ።

ለ. አንድ ላይ ስንት ቁልፍ ይቀበላል? ሁለቱንም ሺፍት ይዛችሁ ከኤ እስከ ዜድ ጻፉ። ሁሉም መውጣት አለባቸው። አንዳንዶቹ ከጎደሉ፣ ጌም ላይ እየሮጣችሁ፣ እየዘለላችሁና መሣሪያ እየቀየራችሁ ሳለ አንዱ ትእዛዝ ይጠፋባችኋል ማለት ነው። ሙከራው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ቶሎ ጨርሱት። የቀኝ ሺፍት 8 ሰከንድ ከተያዘ ፊልተር ኪይስ የሚል መልእክት ይመጣል፤ «ኖ» በሉት፣ አለበለዚያ ኪቦርዱ የዘገየ ይመስላችኋል።

ሐ. ድርብ ፊደል ይጽፋል? እያንዳንዱን ቁልፍ አምስት አምስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። አምስት ጊዜ ተጭናችሁ ስድስት ከወጣ ስዊቹ ታሟል። ያገለገለ ስትገዙ ይህን በፍጹም አትዝለሉ።

መ. ትልልቆቹን ቁልፎች ስሟቸው። ስፔስባሩን በግራ ጫፍ፣ መሃል ላይ፣ በቀኝ ጫፍ ምቱት። ኢንተርን፣ ባክስፔስንና ሁለቱን ሺፍቶች እንዲሁ። ከሥራቸው ሚዛን የሚጠብቅ ሽቦ አለ፤ ላላ ካለ ይንቀጨቀጫል፣ ባንዱ ጫፍ ሲመታም ይይዛል። መጠነኛ ጩኸት በግሪስ ይስተካከላል፤ የሚይዝ ግን አትውሰዱ።

ሠ. ኬብሉን መሰኪያው ጋ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መልሱት።

ሻጩ «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» ካላችሁ እሱ ራሱ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በቴሌግራም ከሆነ የምትገዙት፣ ዕቃው ሲደርስ ሳትሞክሩ ክፍያ አትጨርሱ።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ አስተካክሉት

መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ወደ ኮንትሮል ወይም ወደ ኢስኬፕ ቀይሩት። ለትንሿ ጣት ቅርብ የሆነ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ለምንም ሥራ ሳይውል ይቀመጣል። ኪቦርዱ ቪያን (VIA፣ የቁልፎችን ሥራ መቀየሪያ) የሚደግፍ ከሆነ ክሮም ላይ ከፍታችሁ ትቀይሩታላችሁ፤ ለውጡ የሚቀመጠው ኪቦርዱ ውስጥ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይም አብሮ ይሄዳል። የራሱ ሶፍትዌር ያለው ከሆነ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ከግሩፕ ውስጥ የተላከ የመጫኛ ፋይል አትክፈቱ፤ የምትጽፉትን ሁሉ የሚያይ ፕሮግራም ነው የምትጭኑት።

ቀጥሎ አማርኛና ጌም እንዳይጋጩ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ የግራ ኦልትና ሺፍት አብረው ሲጫኑ ቋንቋ ይቀየራል። እነዚህ ሁለት ቁልፎች ደግሞ ጌም ላይ ሁልጊዜ በሥራ ላይ ናቸው። እየሮጣችሁ ሳለ ወደ አማርኛ ይቀየርና ቁልፎቹ መስማት ያቆማሉ፣ ወይም ቻቱ ላይ «ሥድ» ምናምን የሚል ይወጣል። ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ኢንፑት ላንጉጅ ሆት ኪይስ ግቡ። እዚያ አቋራጩን «ኖት አሳይንድ» አድርጉት። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ትቀይራላችሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የጌም ኪቦርዶች የዊንዶውስ ቁልፉን የሚቆልፍ አቋራጭ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ኤፍኤን ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር ነው። ሳታስቡት ከነካችሁት ቋንቋ መቀየሩ ይቆማል። «አማርኛው ተበላሸብኝ» ብለው ፕሮግራሙን አጥፍተው የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ሊኑክስ ላይ ኤፍ5 ስትጫኑ ብርሃን ወይም ድምፅ ከተቀየረ፣ ኪቦርዱ እንደ አፕል ተቆጥሮ ነው። ጎኑ ላይ የማክና የዊንዶውስ መቀያየሪያ ካለ አስተካክሉ። ያ ካልበቃ የኤችአይዲ አፕል (hid_apple) ሞጁሉን ኤፍኤን ሞድ (fnmode) ወደ 2 ቀይሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈርምዌር (ኪቦርዱ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ስታሻሽሉ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ አታድርጉት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ኪቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ፣ በሽቦ አድርጉት።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው

ዩቲዩብ ላይ ድምፁን ሰምቶ መግዛት። ማይኩ፣ ጠረጴዛውና ክፍሉ ድምፁን ይቀይሩታል፤ ቤታችሁ ያንን ድምፅ አትጠብቁ።

ስዊች ሲሰኩ ሳያዩ መግፋት። ሁለቱ ብረቶች ቀጥ ማለታቸውን እዩ፣ ከቀዳዳው ጋር አገጣጥሙ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ። ከታጠፈ ቁልፉ አይሠራም። በፒንሴት አቅንታችሁ መልሱት። ከገፋችሁት ግን ሶኬቱ ከቦርዱ ይነቀላል፤ ያኔ መበየድ ግድ ነው።

በአርጂቢ መማረክ። በአንድ ዋጋ መብራት የሚያንቦገቡግና ስዊቹ የሚነቀል ካገኛችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

የኋላ እግሮቹን ከፍቶ መጠቀም። ኪቦርዱ ሲነሳ አንጓችሁ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሜካኒካል ራሱ ከላፕቶፕ ኪቦርድ ይረዝማል። እግሮቹን ዝጉ፤ ካልበቃ መዳፍ ማሳረፊያ አድርጉ።

አቧራና የፈሰሰ ማኪያቶ

በየወሩ ገደማ ገልብጣችሁ አራግፉና በቁልፎቹ መሃል ብሩሽ አሳልፉ። ኪካፖቹን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ ሲመለሱ ግን አንድ ቀን ሙሉ የደረቁ ይሁኑ። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ በተለይ የታችኛውን ረድፍ። በፈላ ውኃና በፀጉር ማድረቂያ አትሞክሩት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ቡና ወይም ለስላሳ ከፈሰሰበት ሽቦውን ወዲያው ንቀሉ፤ ባትሪ ካለው አጥፉት። ገልብጡት፣ ኪካፖቹን አውጡ፣ አድርቁት። ስኳር ያለው መጠጥ ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ቁልፉ ይወርድና አይመለስም። ሆት ስዋፕ ከሆነ የተጣበቁትን ስዊቾች ንቀሉና ሶኬቱን 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። የእጅ ማጽጃ ጄል አይሆንም፣ ራሱ ቅሪት ይተዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መልሳችሁ አትሰኩት፤ ውኃው ብቻውን ያላበላሸውን ቦርድ እርጥብ ሳለ የገባበት ኤሌክትሪክ ያበላሸዋል።